«አፕ» የተባለውን ፊልም ሐዘን ላይ ካለች ልጅና ከአያቷ ጋር ማየት፤ መጀመሪያውን ልዝለለው?

ጥያቄ፦ የአንዲት ልጅ እናት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ፊልም በማየትም ሆነ ልጅ በማሳደግ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ። እናቴ ካረፈች ጥቂት ወራት ተቆጥረዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ በእናቴ እጅ ያደገች ናት፤ እኔ ሥራ በምውልባቸው ቀናት ከትምህርት ቤት የምትቀበላት፣ መክሰሷን የምታበላት፣ ማታ ተረት እየነገረች የምታስተኛት እናቴ ነበረች። አባቴ አሁን ከእኛ ጋር ይኖራል። ሰልስቱ ሲወጣ ድንኳኑ ተነሣ፣ አርባው ካለፈ በኋላ ደግሞ ጠያቂውም እየቀነሰ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ውስጥ የእናቴን ስም የሚያነሣ ሰው የለም። አባቴ ዝም ይላል፤ ልጄ እሱን እያየች ዝም ትላለች፤ እኔም ሁለቱን እንዳላስለቅስ እየፈራሁ ወሬ እለውጣለሁ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፒክሳር የሠራውን «አፕ» የተባለውን አኒሜሽን ፊልም ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ እዩት ብላ መከረችኝ። እኔ አስቀድሜ ብቻዬን አየሁት። ሚስቱን ያጣ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ቤቱን በብዙ ሺህ ፊኛዎች አስነሥቶ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲበር፣ ሳያስበው አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አብሮት ተሳፍሮ ሲገኝ፣ ከዚያም ሁለቱ ሲጣሉና ሲታረቁ የሚያሳይ ታሪክ ነው፤ ሐዘንን፣ ጓደኝነትንና ተስፋን አንድ ላይ ስለያዘ እጅግ ወደድኩት። ያስጨነቀኝ መጀመሪያው ነው። ሽማግሌው ካርልና ሚስቱ ኤሊ በልጅነታቸው ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ ኤሊ እስከሞተችበት ድረስ ያለው ሕይወታቸው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ገደማ ውስጥ ያልፋል። ሆስፒታሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ከቀብር በኋላ ብቻውን ወደ ቤቱ የሚገባውን ሽማግሌ ሲያዩ ልጄም አባቴም ምን እንደሚሰማቸው ማሰብ ከብዶኛል።

ይህን ክፍል ዘልዬ ቤቱ በፊኛ ከሚነሣበት ብጀምር ይሻላል? አባቴ እንግሊዝኛ አይሰማምና ፊልሙ ለእሱ ትርጉም ይኖረዋል? ለሐዘን ጊዜ ከዚህ የሚሻል የቤተሰብ ፊልም የምታውቁ ካላችሁም ብትጠቁሙኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የፊልም ወዳጅ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የእናትዎንም ነፍስ ይማር። የመጀመሪያውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ፦ እባክዎ መጀመሪያውን አይዝለሉት። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳዎ።

«አፕ» እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የካን የፊልም ፌስቲቫልን የከፈተ የመጀመሪያው አኒሜሽን ፊልም ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በምርጥ አኒሜሽንና በምርጥ የሙዚቃ ድርሰት ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል። ዳይሬክተሩ ፒት ዶክተርና ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ ክብር ያገኙት በሚናገሩት ውሾች ወይም በሚበረው ቤት ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። ሰዎች ዛሬም ድረስ ስለ ፊልሙ ሲያወሩ የሚያነሡት እርስዎ ሊዘሉት ያሰቡትን ክፍል ነው፤ በተለይም ከሠርጉ እስከ ቀብሩ ያለውን፣ አንድም ቃል የማይነገርበትን፣ ከአራት ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ትዕይንት።

በዚያ ትዕይንት ውስጥ ምን ምን እንደተቀመጠ ልብ ይበሉ። ሁለቱ አሮጌ ቤት ያድሳሉ፤ ኮረብታ ላይ ጋደም ብለው ደመና ያያሉ፤ የሕፃን ክፍል ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም ልጅ እንደማይወልዱ በሐኪም ይነገራቸዋል። ወደሚመኙት ፏፏቴ ለመጓዝ በብልቃጥ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ይሁንና የመኪናው ጎማ ይፈነዳል፣ የካርል እግር ይሰበራል፣ ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን ይጎዳዋል፣ ብልቃጡም በየጊዜው ይሰበራል። ጠጉራቸው ይሸብታል። ካርል ዘግይቶ ትኬት ሲገዛ ኤሊ ትታመማለች። ያንን ጉዞ ሳይሄዱት የቀሩበት ቁጭት ነው በኋላ ሽማግሌውን ቤቱን ይዞ የሚያስነሣው። ልጅዎ ይህን ሳታይ ብትጀምር የምታገኘው አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ነው፤ የፖስታ ሳጥኑን የነካበትን የግንባታ ሠራተኛ በከዘራ የሚመታ ክፉ ሰው ይመስላታል። መጀመሪያውን ካየች ግን በዚያ ሳጥን ላይ የካርልና የኤሊ የእጅ አሻራ እንዳለበት ታውቃለች፤ ቁጣው ከየት እንደመጣም ማንም ሳያስረዳት ይገባታል። በቤታችሁ ውስጥ አንድ ዝም ያለ አያት ስላለ፣ የሽማግሌ ዝምታና ቁጣ ሐዘን ሊሆን እንደሚችል ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መጨረሻው በመጀመሪያው ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ካርል ቤቱን በውኃ ማጠጫ ጎማ ከሰውነቱ ጋር አስሮ በዚያ ድንጋያማ አምባ ላይ እየጎተተ ይሄዳል፤ ልጁ ራስል አጠገቡ ነው፤ ዐይኑ ግን ፏፏቴው ላይ ነው። ቤቱ ሥር እሳት ሲለኮስ ካርል ቤቱን ለማዳን ሲሮጥ፣ ራስል የወደዳት ትልቋ ወፍ ሊይዛት በሚያሳድዳት ክፉ ሰው፣ በማንዝ፣ እጅ ትወድቃለች፤ ልጁም ያዝንበታል። ካርል ያሰበበት ደርሶ፣ ቤቱን ፏፏቴው አጠገብ አሳርፎ፣ ወንበሩ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ የተመኘውን ደስታ አያገኝም። ያን ጊዜ የኤሊን የጀብዱ መጽሐፍ ይከፍታል። ባዶ ናቸው ብሎ ያሰባቸው ገጾች በሁለቱ የአብሮነት ፎቶግራፎች ተሞልተዋል፤ በመጨረሻውም ገጽ ላይ ኤሊ ስለ ኖሩት ጀብዱ ካመሰገነችው በኋላ አሁን አዲስ ጀብዱ እንዲጀምር የምትነግረው ጽሑፍ አለ። ማይክል ጃኪኖ የጻፈው ያ የመጀመሪያው ዜማ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ በሠርጋቸው ሰሞን በደስታ የሚፈስ የነበረው አሁን በዝግታ ይሰማል። ዜማው ያለው ኃይል ሁሉ ከመጀመሪያው ትዕይንት የመጣ ስለሆነ፣ መጀመሪያውን ያላየ ሰው እዚህ ላይ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚሰማው።

ካርል ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ ነው። ቤቱ ከብዶ አልነሣ ስለሚለው የቤት ዕቃውን አውጥቶ ይጥላል፤ ሁለቱን ወንበሮች ግን ጎን ለጎን አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ ልጁንና ወፏን ለማዳን ይሄዳል። ኤሊን አልረሳም፤ ፍቅሩን በሕይወት ላለ ልጅ ማካፈል ጀመረ እንጂ።

አባትዎን በተመለከተ አይስጉ። ዋናው የሐዘን ክፍል ቃል የሌለው ስለሆነ እርሳቸውም ልክ እንደ ልጅዎ፣ ምናልባትም ከሁላችሁ በላይ ይረዱታል። የእርስዎ ትርጉም የሚያስፈልገው ጥቂት ቦታ ላይ ነው፦ ራስል ስለ አባቱ ለካርል የሚያጫውተው፣ ካርል ሙት ሚስቱን ቤቱ ውስጥ እንዳለች ቆጥሮ የሚያናግርበት፣ እንዲሁም መጽሐፉ ላይ ያለው የኤሊ ጽሑፍ። እነዚህን አስቀድመው በልብዎ በአማርኛ ቢያዘጋጁ ፊልሙን ሳያቋርጡ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሊነግሯቸው ይችላሉ።

መልስ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ባሕር ዳር

በሐዘናችሁ እኔም አዝኛለሁ፤ ለሁላችሁም መጽናናትን ይስጣችሁ። ከላይ የተሰጠው መልስ በብዙው ያስማማኛል፤ ነገር ግን ልጆችን በየቀኑ እንደሚያይ ሰው የተለየ አስተያየት የምሰጥበት ቦታ አለ።

«አፕ» የባል ሐዘን ፊልም ነው። እኛ አዋቂዎች ካርልን ሆነን እናየዋለን፤ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ራስልን ሆና ነው የምታየው። ራስል ማንም አልሞተበትም፤ እርሱን የጎዳው የአባቱ አለመኖር ነው። እንደ ስካውት ባለ የልጆች አሳሾች ቡድን ውስጥ የመጨረሻውን ባጅ (ደረት ላይ የሚሰካ ምልክት) ማግኘት የፈለገውም በሥነ ሥርዓቱ ላይ አባቱ መጥቶ ደረቱ ላይ እንዲሰካለት ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ አባት አይመጣም፣ በእርሱ ቦታ ካርል ወጥቶ ኤሊ በልጅነቱ የሰጠችውን የለስላሳ ቆርኪ ይሰካለታል። ስለዚህ ልጅዎ ከፊልሙ የምትወስደው ነገር እርስዎ ከጠበቁት የተለየ ቢሆን አይደነቁ። ምናልባት ስለ ኤሊ ሞት ምንም ሳትል ስለ ራስል አባት ደጋግማ ትጠይቅ ይሆናል። ለእርሷ ጥያቄው «እማማ በሌለችበት ከትምህርት ቤት የሚቀበለኝ ማን ነው?» የሚል ሊሆን ይችላል፤ ሐዘኗ በዚያ በኩል ሊወጣ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከፊልሙ በፊት መደረግ አለበት ብዬ አምናለሁ። በእኛ አገር ልጅን ከሐዘን ማራቅ የተለመደ ነው። መርዶ ሲነገር ልጆች ጎረቤት ይላካሉ፤ ልቅሶው ሲያበቃ ይመለሳሉ፤ ሲጠይቁም «ሩቅ አገር ሄዳለች» ወይም «ተኝታ ነው» ይባላሉ። ይህ ከርኅራኄ የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑን በአብዛኛው ታውቃለች። የማታውቀው ስለ ሞቱ ማውራት ይፈቀድ እንደሆነ ነው። ለልጅዎ በግልጽ ካልተነገራት፣ ፊልም የመጀመሪያዋ መርዶ ነጋሪ መሆን የለበትም። እርስዎ ራስዎ «እማማ ሞታለች፤ እኔም እናቴ ስለሆነች በጣም ናፍቃኛለች፤ ስታስቢያት ልትነግሪኝ ትችያለሽ» ብለው ከተናገሩ በኋላ ፊልሙ ይከተል።

ስለ መጀመሪያው ክፍል፣ ሳይዘሉ እንዲያሳዩዋት እኔም እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አስቀድመው ይንገሯት። «የሽማግሌው ሚስት መጀመሪያ ላይ ትሞታለች፤ ያሳዝናል፤ ማቆም ከፈለግሽ እናቆማለን» ማለት ደስታዋን አይቀንስባትም። የሕፃኑ ክፍልና የሐኪሙ ትዕይንት ሲመጣ «ለምን ታለቅሳለች?» ብላ ብትጠይቅ «ልጅ መውለድ አልቻሉም» የሚለው አጭር መልስ ይበቃታል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ክፉው ሰው ማንዝ ከከፍታ የሚወድቅበትና ቀደም ብሎም ውሾቹ የሚያሳድዱበት ክፍል አለ፤ ድንጉጥ ልጅ ከሆነች እጅዋን ይያዙላት።

ልጆች እንደ እኛ ለረጅም ሰዓት አያዝኑም። ለደቂቃዎች አልቅሳ ወዲያው ዳግ የተባለው ውሻ በሚናገረው ነገር ልትስቅ ትችላለች። አባትዎ ያን ሳቅ ሰምተው «ረሳቻት» ብለው እንዳያዝኑ አስቀድመው ቢያስረዷቸው መልካም ነው። ፊልሙ ሲያልቅም ወዲያው «ምን ተሰማሽ?» ብለው አይጠይቋት። ጥያቄው ፈተና ይሆንባታል። እራት ላይ ወይም በማግሥቱ መንገድ ላይ ራሷ ታነሣዋለች፤ ያን ጊዜ ወሬ አይለውጡባት። በጽሑፍዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ያ ወሬ መለወጥ ነውና ይህን በፍቅር እንዲወስዱልኝ እለምናለሁ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እናትሽን አፈሩን ያቅልልላቸው። ሌላ ፊልም ብለሽ ለጠየቅሽው እኔ «ኮኮ»ን እጠቁምሻለሁ፤ ይህም የፒክሳር ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ። ልጆቼ እዚህ የተወለዱ ናቸው፤ ጎንደር የነበረችውን አያታቸውን የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነበር። እርሷ ስታርፍ እኔና ባለቤቴ እዚሁ ልቅሶ ተቀመጥን፤ ልጆቼ ግን በድምፅ ብቻ የሚያውቋትን ሰው እንዴት እንደሚያዝኑላት ግራ ገብቷቸው ነበር። ያን ጊዜ ነው «ኮኮ» የጠቀመን።

ታሪኩ በሜክሲኮ የሙታን መታሰቢያ በዓል ላይ ይፈጸማል። በየዓመቱ በጥቅምት ማብቂያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 እና 2፣ ሜክሲኮዎች በየቤታቸው የሞቱ ዘመዶቻቸውን ፎቶግራፍ ደርድረው፣ የሚወዱትን ምግብ አቅርበው፣ ቢጫ አበባ በትነው ያስባሉ። ሚጌል የተባለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሙዚቃ በተከለከለበት ቤት ውስጥ ሙዚቀኛ ለመሆን ይመኛል፤ በበዓሉ ሌሊት ወደ ሙታን ዓለም ገብቶ የቤተሰቡን እውነተኛ ታሪክ ያገኛል። የፊልሙ ልብ ግን ሚጌል ከተመለሰ በኋላ ነው። ብዙ ነገር የረሳችውን የቅድመ አያቱን የማማ ኮኮን እጅ ይዞ አባቷ በልጅነቷ ይዘፍንላት የነበረውን ዜማ ሲዘፍንላት፣ አሮጊቷ ትነቃለች፣ አብራው ትዘፍናለች፣ ስለ አባቷም መናገር ትጀምራለች። አንድ ልጅ ለአንዲት አሮጊት የሞተባትን ሰው ሲመልስላት ማየት ነው። አንቺ ቤት ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ይመስለኛል፤ ልጅሽ አባትሽን ስለ እናትሽ እንዲያወሩ ልታደርግ የምትችል እርሷ ብቻ ትሆናለች።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በዪ። ሙታኑ በአጽም መልክ ነው የሚታዩት፤ ያጌጡና የሚያስቁ ቢሆኑም ሰው በቅርቡ ለቀበረች ልጅ አጽም ማየት ሊከብዳት ይችላል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ጊዜ ቢያልፍ የምመርጠው። ሁለተኛው የእምነት ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሙት በሕያዋን ዘንድ የሚያስታውሰው ሲጠፋ ከሙታን ዓለምም ይጠፋል። ትልቁ ልጄ ይህን አይቶ «እኛ ከረሳናት አያታችን ትጠፋለች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በእኛ እምነት ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ እንዳለች፣ የእኛ መርሳትም እንደማያጠፋት፣ አርባና ሙት ዓመት ስናወጣ የምንጸልየውና የተራበውን የምናበላው በስማቸው በጎ እንድናደርግ መሆኑን አስረዳሁት። ከዚያ በኋላ ሙት ዓመቷ ሲደርስ ልጆቹ ምክንያቱን አውቀው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ሌላ እምነት ያለው ቤተሰብም በራሱ መንገድ ይህን ጥያቄ ለመመለስ መዘጋጀት አለበት፤ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርምና።

መልስ፦ አንድ አባት፣ ሐዋሳ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ርእስ ዙሪያ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ብሪጅ ቱ ቴራቢቲያ» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ2007 ፊልም ይመክራሉ። ድንቅ ፊልም ነው፤ ለልጅዎ ግን አሁን አይሆንም።

የፊልሙ ማስታወቂያ አስማትና ጀብዱ ያለበት ተረት ያስመስለዋል፤ ታሪኩ ግን ጄስ የተባለ ድኻ ቤተሰብ ውስጥ የሚያድግ ልጅና ሌስሊ የተባለች ጎረቤቱ ጫካ ውስጥ በሐሳባቸው ስለፈጠሩት መንግሥት ነው። አንድ ቀን ጄስ ከመምህሩ ጋር ሙዚየም ሲውል፣ ሌስሊ ብቻዋን ወንዙን በገመድ ልትሻገር ስትሞክር ገመዱ ይበጠሳል፤ ትሞታለች። ተመልካቹ አደጋውን አያየውም፤ ልክ እንደ ጄስ ቤት ሲመለስ ነው የሚነገረው። መነሻ የሆነውን መጽሐፍ ካትሪን ፓተርሰን የጻፈችው የልጇ የቅርብ ጓደኛ የሆነች ሕፃን በመብረቅ ከሞተችበት በኋላ ነው፤ ያ ልጅ አድጎ ከፊልሙ ጽሑፍ ደራሲዎች አንዱ ሆኗል። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ፊልሙ ስለ ሐዘን የማይዋሸው፦ ጄስ ሞቷን አላምንም ይላል፣ ይቆጣል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ እስከ መጨረሻው ቁጡ የነበረው አባቱ ጫካ ውስጥ አቅፎ እስኪያስለቅሰው ድረስ።

ልጅ ጓደኛውን ሲያጣ፣ በተለይ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ከሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፊልም አላውቅም። የእርስዎ ልጅ ግን ያጣችው አያቷን ነው፤ አያት መሞቷ ከባድ ቢሆንም የዕድሜ ተራ ያለው ነገር ነው። የእኩያዋን ድንገተኛ ሞት ማየት እስካሁን ያልነበረባትን ፍርሃት ይጨምርባታል። በጓደኛ ምክር ሳያውቁ እንዳይከፍቱት ብዬ ነው።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። መምህርት ሆይ፣ ስለ ወሬ መለወጡ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ትክክል ነው። ትናንት ማታ ልጄን ስለ እናቴ በግልጽ አነጋገርኳት፤ ብዙ አለቀስን፤ እማማ ትነግራት የነበረውን አንድ ተረትም መልሳ ነገረችኝ። «አፕ»ን ሳልቆርጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልናየው ወስነናል፤ «ኮኮ»ን ለሙት ዓመቱ ሰሞን አቆየዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። አባቴን አስቀድሜ ምን ልበለው? የሚስት ሞት ያለበት ፊልም ነው ብለው «ተዪኝ» ሊለኝ ይችላል፤ ሳልነግረው ባስቀምጠው ደግሞ ማታለል መስሎ ይሰማኛል።

መልስ፦ የፊልም ወዳጅ

ይንገሯቸው፤ ለልጅዎ እንደሚነግሩት ሁሉ። ለአንድ የቤተሰብ ራስ፣ ልጆቹና የልጅ ልጁ ባሉበት ሳይዘጋጅ እንባው እንዲመጣ ማድረግ ክብሩን መንካት ነው። «አባዬ፣ ሚስቱ ስለሞተችበት ሽማግሌ የሚያሳይ የልጆች ፊልም ነው፤ ልጅቷ ከአንተ ጋር ማየት ትፈልጋለች፤ ሲከብድህ ተነሥተህ መሄድ ትችላለህ» ይበሏቸው። ግብዣው ከልጅቷ አፍ ቢወጣ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የልጅ ልጁን ጥያቄ እንቢ የሚል አያት ብዙ አላየሁም።

ፊልሙ 96 ደቂቃ ነው። አባትዎ መካከል ላይ ቢነሡ አይከተሏቸው፤ ልጅቷም አትከተል። ሲመለሱ ያለፈውን በአጭሩ ይንገሯቸውና ይቀጥሉ። ካርል መጽሐፉን የሚከፍትበት ክፍል የሚመጣው ታሪኩ ሁለት ሦስተኛውን ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ቢያንስ ያን ጊዜ አብረዋችሁ እንዲሆኑ ቢጠሯቸው እመክራለሁ። የእናትዎ የፎቶግራፍ አልበም ቤት ውስጥ ካለ በዚያው ቀን ከቁም ሣጥኑ አውጥተው ሳሎን ውስጥ ያኑሩት፤ ማን እንደሚከፍተውና መቼ እንደሚከፍተው ግን ለአባትዎና ለልጅዎ ይተዉላቸው።